ሲገባም ሲወጣም የማያሳውቀኝ እንግዳ

ኧረ እናንተ ልጆች፣ እስቲ ፍረዱ። በዚህ አገር መንግሥት ገበያ ውስጥ ሲገባ ዕቃው ይጠፋል፤ ሲወጣ ደግሞ ዋጋው ይሰቀላል። እኔ ከንፋስ ስልክ ሳልነቃነቅ ሁለቱንም በየተራ ስቀምስ አረጀሁ። የትኛው እንደሚሻለኝ የጠየቀኝ ግን አንድም ሹም የለም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ነው ብሎ አወጀ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም እስከ ግማሽ ተቀነሰ። አከራዬ እርር ድብን ሲሉ እኔ ጮቤ ረገጥኩ። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ግን አቤት የምለው አከራይ አጣሁ። ቀበሌ ብሄድ «ጓድ፣ በጀት የለም» አሉኝ። በራሴ ገንዘብ ቆርቆሮ ብቀይር «ጓድ፣ ያለ ፈቃድ አድሰሃል» ብለው ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ።

ቀጥሎ የቀበሌ ሱቅ መጣ። ስኳሩም ሳሙናውም በካርድ ሆነ። ሌሊት ወጥተን ድንጋይ እናሰልፍና ተመልሰን እንተኛለን። የእኔ ጫፉ የተሸረፈ ጥቁር ድንጋይ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ንጋት ከፊቴ የነበረው የጎረቤቴ ድንጋይ ሦስት ሆኖ ጠበቀኝ። «ሌሊቱን ወለደ እንዴ?» ብለው እስከ ፋሲካ አኮረፈኝ።

ጤፉስ ብትሉ፣ ገበሬው በኮታ፣ በቁርጥ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያስረክባል፤ የቀረውን ወደ ከተማ እንዳያሾልክ ኬላ ይጠብቀዋል። ገበሬው በዋጋው ተማረረ፣ እኛ በጤፉ እጦት። የካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀና ኬላው ሲነሳ ጤፉ እግር አውጥቶ መጣ።

ከዚያ «ነፃ ገበያ» ተባልን። ነፃነቱ ጥሩ ነበር፣ ኪሳችን እስኪነጣ። በ2003 የገና ሰሞን መንግሥት ተመልሶ ገባና በዘይት፣ በስኳር፣ በዳቦ፣ በሥጋና በሌሎችም ላይ የዋጋ ተመን ቆረጠ። ሬዲዮኑን ሰምቼ በደስታ ሱቅ ብወርድ መደርደሪያው ላይ ያገኘሁት ክብሪትና ሻማ ነው። ባለሱቁ «አባባ፣ ዋጋው አለ፤ የሌለው ዘይቱ ነው» አለኝ። ነጋዴ በኪሳራ እንደማይሸጥ ለማወቅ ዓመት አልፈጀም፤ አብዛኛው ተመን እዚያው 2003 ላይ ተነሳ።

አሁን ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 በላይ ሆነ። እኔ ዶላር በእጄ ይዤ አላውቅም። ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ወርጄ «ሽንኩርት ለምን ጨመረ?» ብላት፣ ሻጯ «ዶላር ጨምሮ» አለችኝ።

«ሽንኩርቱ የመቂ አይደለም እንዴ?»

«አባባ፣ ማዳበሪያውና ናፍጣው የመቂ ነው?»

አፌን ይዤ ተመለስኩ። ሚኒስትሮቹ በሁለት ሰዓት መግለጫ ያላስረዱኝን እሷ ሽንኩርት እየመዘነች አስረዳችኝ።

ዶላሩን በለቀቁበት ዓመት ደግሞ ኪራዩን አሰሩት። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውንም መንግሥት እንዲወስን ተደነገገ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም በዕጣ የደረሳት ልጄ ቤቷን አከራይታ «በገዛ ቤቴ መንግሥት ምን አገባው?» እያለች ትንጨረጨራለች። «ልጄ፣ ቤቱን ማን ሠራልሽ?» ብላት፣ «አባዬ፣ የአንተስ የቀበሌ ቤት ኪራይ ስንት ነው?» አለችኝ። ከአንድ ኪሎ ሽንኩርት እንደሚያንስ ታውቃለች፤ ባለጌ ናት።

እንግዲህ ሹማምንት ሆይ፣ ከአንድ ሽማግሌ ምክር ስሙ። ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ዕቃውን አቅርቡ፤ አለዚያ የምትቆርጡት ወረፋችንን ነው። ገበያውን ከመልቀቃችሁ በፊት ደግሞ የጡረተኛውን አበል አስቡ፤ እሱ ብቻ ነው በዚህ አገር ገበያ የማይወስነው። የእኔን የቀበሌ ቤት ኪራይ ግን አደራ እንዳትነኩብኝ፤ እሱ ጣልቃ ገብነት ሳይሆን መብቴ ነው።