«ዘንድሮስ ምን አቅደሃል?»

ኧረ እባካችሁ ተዉን። ነሐሴ ሳይጋመስ ይጀመራል፤ ጳጉሜን ሲገባማ መግቢያ መውጫ ይጠፋል። ሬዲዮ ብትከፍት «አዲሱን ዓመት በአዲስ መንፈስ»፣ ቴሌቪዥን ብትከፍት «የአዲስ ዓመት ዕቅድዎን ያጋሩን»፣ ስልክህ ድምፅ ሲያሰማ ሰው ያስታወሰህ መስሎህ ብትሮጥ ዕቃ ሸጦልህ የማያውቅ ድርጅት «ያቀዱት ሁሉ የሚሳካበት ዘመን ይሁንልዎ» ብሎሃል። የሰፈር ሰው እንኳ «እንዴት አደርክ» ማለቱን ትቶ «ዘንድሮስ ምን አቅደሃል?» ነው የሚለው። ሰላም ተባብሎ ማለፍ ነበር ያቀድኩት፤ እሱም ይኸው አልተሳካም።

ከሁሉ የሚብሰው ገበያ መሀል የሚደረገው ቃለ መጠይቅ ነው። የዋዜማ ዕለት ሾላ ገበያን አስቡት። ክረምቱ ወጣ ቢባልም ጭቃው ገና አልሰማም። አንዲት እናት በቀኝ እጃቸው ዶሮ ዘቅዝቀው ይዘዋል፤ በግራቸው የሽንኩርት ፌስታል፣ ብብታቸው ሥር ቄጠማ። ዶሮው በተርገፈገፈ ቁጥር ነጠላቸው ከትከሻቸው ይወርዳል፤ ነጠላውን ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ ፌስታሉ ይተረተራል። ልክ በዚህች ሰዓት ማይክ አገጫቸው ሥር ይደቀናል። «እናት፣ በአዲሱ ዓመት ምን ለማሳካት አስበዋል?» ለጊዜው ማሳካት የሚፈልጉት ታክሲ ማግኘት ነው። ግን ካሜራ ነዋ! ጉሮሯቸውን ጠርገው «ለአገራችን ሰላሙን ያምጣልን፣ ጤናውን ይስጠን፣ ኑሮውን ያቅልልን» ይላሉ። ጋዜጠኛው አመስግኖ ወደሚቀጥለው ባለ ዶሮ ይሄዳል። ዕቅድ ጠይቆ ጸሎት እንደተመለሰለት ልብ አላለም። ሰላሙም፣ የዘይቱ ዋጋም፣ የታክሲውም ነገር ከእጅህ ውጪ ሲሆን ዕቅድህ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?

ሌላው ሕዝብ በዓመት አንዴ አቅዶ ይገላገላል። እኛ ደግሞ በአዲስ ዓመት በኩል ሀብታሞች ነን። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንክ ሐምሌ 1 የበጀት ዓመቱ ሲጀመር አንድ ዙር ታቅዳለህ። ቀለሙ ሳይደርቅ መስከረም 1 ይመጣል። እሱን ረስተህ ማረፍ ስትጀምር ታኅሣሥ 23 አካባቢ የፈረንጆቹ ይብታል፤ አሜሪካ ያለው የአክስትህ ልጅ ደውሎ «ኒው ይር ሪዞሉሽንህ ምንድን ነው?» ይልሃል። መስከረም ላይም «እንኳን አደረሰህ» ብሎ ደውሎ ይህንኑ ጠይቆህ ነበር። ለእሱ ሁለቱም በዓል ነው፤ ለአንተ ሁለቱም ፈተና።

የቢሮውን ነገርማ ባልናገር ይሻላል። ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ፤ አንዱም ባዶ እጁን አልመጣም፣ የሚሞላ ቅጽ ይዞ ነው የመጣው። ዋና ግብ፣ ዝርዝር ተግባር፣ መለኪያ፣ ክብደት በመቶኛ፣ የሚጠናቀቅበት ጊዜ። ሰኔ ላይ አፈጻጸሙ ሲደመር ከዘጠና በታች የሚወርድ ሰው ብርቅ ነው። ባለጉዳዩ ግን ዛሬም መስኮቱ ጋ ቆሞ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» ይባላል።

ይኼ ሳያንስ ቅጹ ከቢሮ ወጥቶ ቤታችን ገባ። «ግብህ ስማርት ይሁን» የማይል አሠልጣኝ የለም። ውስን፣ የሚለካ፣ ሊደረስበት የሚችል፣ ምናምን፣ ምናምን። ይህን ቀመር ጆርጅ ዶራን የተባለ አሜሪካዊ በ1981 እ.ኤ.አ. በአንድ የሥራ አመራር መጽሔት ላይ ሲጽፈው ለድርጅት ኃላፊዎች ብሎ ነበር። መስከረም ሲጠባ አከራዬ ምን ይለኝ ይሆን እያለ የሚባንን ተከራይ ትዝም አላለው። እሱ ራሱ እንኳ እያንዳንዱ ግብ አምስቱንም መስፈርት ላያሟላ ይችላል ብሎ ነበር። የእኛዎቹ አሠልጣኞች ግን ከባለቤቱ በላይ ሆነው፣ ልጅህን የምትወድበትን መጠን ሳይቀር በመለኪያ አስቀምጥ ሊሉህ ምንም አይቀራቸው።

አዳራሽ ተከራይተው፣ መግቢያ አስከፍለው፣ ማይኩን አፋቸው ውስጥ ከትተው «ስኬታማ ሰዎች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳሉ!» ሲሉ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ጎበዝ፣ የእኔ ሰፈር ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው የሚነሳው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣው ያኔ ነዋ! ቧንቧው መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ቀጥሎ ዝገት ይተፋል፣ ከዚያ በቀጭኑ ይወርዳል። ጀሪካኑን ደርድረህ፣ አንዱ ሲሞላ ሌላውን እየተካህ፣ ጎረቤትህን «መጥታለች፣ ተነሱ!» ብለህ እየቀሰቀስክ ይነጋል። በማለዳ መነሳት ስኬት ቢያመጣ ኖሮ የሰፈራችን እናቶች በሙሉ ባለ ፎቅ ነበሩ።

ደግሞ አጀንዳው አለ። በመስከረም አጀንዳ ያላገኘ ሰው እንደ ምስኪን ይታያል። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሽፋን፣ በወርቃማ ቀለም የታተመ የድርጅት ስም፣ መሀሉ ላይ ቀይ ክር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ ቁጥር እየተሰጠ፣ ከሥሩ በማስመሪያ እየተሰመረ ይጻፋል፦ «ስፖርት መሥራት። ማስተርስ መጀመር። መኪና። ቁጠባ። ቤተሰብ መጠየቅ።» ሁለተኛው ገጽ ላይ ማስመሪያው ይቀራል። አራተኛው ላይ «ምስር ግማሽ ኪሎ፣ ኦሞ፣ ክብሪት»። ኅዳር ላይ ብትገልጠው ትንሹ ልጅ የማባዛት የቤት ሥራውን ሠርቶበታል፤ መሀሉ ላይም ከነጎማው መኪና ሥሎበታል። አባትየው ካቀዳቸው ውስጥ መኪናው ብቻ በዚህ መልኩ ተሳክቷል።

ለነገሩ ማን በጊዜው ሊጀምር? ስፖርቱ «ከበዓል በኋላ» ይባላል፤ ከእንቁጣጣሽ በኋላ መስቀል አለ። በዚያ ላይ የልጆች ምዝገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ኪስህን አራግፎ ስለሚሄድ ጂም የሚባል ነገር አይነሳም። «ወሩ ይግባ» ስትል ብርዱ ይገባል፤ በብርድ ማን ይሮጣል? ከዚያ ገና፣ ከዚያ ጥምቀት፣ ከዚያ ዐቢይ ጾም፤ እየጾሙ ክብደት ማንሳት የለም። በፋሲካ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ከሥጋው ጋር ምን ስፖርት አለ? ግንቦትና ሰኔ የሠርግና የሪፖርት ወራት ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ። እንግዲህ ጳጉሜን ትቀራለች። እሷም በጠቅላላው አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች። በእሷም ውስጥ «ዘንድሮስ ምን አቅደሃል?» ተብለህ ስትጠየቅ «ስፖርት መሥራት» ትላለህ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ስንፍናችን እንዳለ ሆኖ፣ ሁሉን በእኛ ላይ ማላከክም ደግ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ለ40/60 እና ለ20/80 ኮንዶሚኒየም ቤት የተመዘገበውን ሰው ተመልከቱት። እሱ ያላሟላው የስማርት መስፈርት የለም። ግቡ ውስን ነው፤ ቤት። ይለካል፤ በመኝታ ቤት ቁጥር። በየወሩ ሳያዛንፍ ባንክ ሄዶ የቆጠበ አለ። ከእነዚያ ተመዝጋቢዎች መካከል ዛሬም ዕጣ የሚጠብቁ፣ ያኔ አንደኛ ክፍል ያስገቡትን ልጅ አሁን ከነጓዙ ዩኒቨርሲቲ የሸኙ አሉ። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይኼ ነው። ለዚህ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ «ዕቅድህ ያልተሳካው ከልብህ ስላልፈለግከው ነው» የሚል አሠልጣኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከመድረኩ በሰላም መውረድ አልነበረበትም።

የሚገርመው፣ በትክክል የሚያቅደውን ሰው ማንም ጠይቆት አያውቅም። ጉልት ላይ ቲማቲምና ቃሪያ የሚቸረችሩትን ሴትዮ ራዕይዎ ምንድን ነው ያላቸው የለም። ዕቁብ አላቸው። ቀኑ እሑድ ነው፣ መጠኑ ይታወቃል፣ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ያረፈደ ይቀጣል። ዕጣው ሲወጣላቸው ዋስ ጠርተው ነው ብሩን የሚቀበሉት። ብሩ እጃቸው ሳይገባ ደግሞ ሥራው ይታወቃል፤ ግማሹ የልጅቷ የኮሌጅ ክፍያ፣ ግማሹ የጣሪያው ቆርቆሮ። ይህን ሁሉ የትም አልጻፉትም፣ ለማንም አላወሩትም። ስለት ያለበትም ሰው እንዲሁ ነው። ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ከተሳለ ቀኑ ታኅሣሥ ወይም ሐምሌ 19 እንደሆነ አይጠፋውም፤ ዘንድሮ ባይችል እንኳ ባለ ዕዳ መሆኑን እያወቀ ነው ከርሞ የሚደርሰው።

የእኛ «ክብደት መቀነስ» እና «ራስን ማሳደግ» ምን ዳኛ አላቸው? ምን ዋስ ጠርተንባቸዋል? ብንተዋቸው በር የሚያንኳኳ የለም። ለዚህ ነው ለጎረቤት በነፃ የሚታደሉት፤ ለዚህ ነው ከዓመት ዓመት ሳይነኩ፣ አቧራ እንኳ ሳይለብሱ የሚሻገሩት።

ስለዚህ ጠያቂዎቻችን ሆይ፣ አደራችሁን፣ ጥያቄውን ቀይሩልን። ምን ልትሆን አሰብክ አትበሉን። ስንት ብር ነው፣ በየትኛው ቀን ነው፣ ብታስቀርስ ማን ይጠይቅሃል በሉን። ያን ጊዜ አብዛኞቻችን ዝም እንላለን፤ እናንተም ጊዜ ታተርፋላችሁ። መልስ ያለን ጥቂቶች ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር እንነግራችኋለን፦ በወር አንድ ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ ነው፣ ለእድር ያጎደልኩትን ልከፍል ነው፣ የሚያመኝን ጥርስ ልነቀል ነው። ለቴሌቪዥን አይሆንም፤ ግን ይደረጋል።

በሉ ደህና ሁኑ፤ ዛሬ ሌሊት ውኃ ትመጣለች የሚል ወሬ አለ፤ ጀሪካኔን ደርድሬ በጊዜ ልተኛ።