ደንበኛ የማራቅ ጥበብ፣ ከ18 ማዞሪያ

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ቁም ሳጥን፣ የወጥ ቤት ካቢኔት፣ የቢሮ ጠረጴዛ እንሠራለን። «እንሠራለን» ስል እኔ፣ የእህቴ ልጅ፣ እንዲሁም በሳምንት አራት ቀን የሚመጣ አንድ ቀለም ቀቢ ማለቴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሊንክድኢን ላይ ደንበኛ ሳድን ኖሬያለሁ። በዚህ ያካበትኩትን ዕውቀት ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ ግፍ ስለመሰለኝ እነሆ ላካፍልህ። ምክሬን ሳታጎድል ከተከተልክ፣ ወዳጄ፣ አንድ ደንበኛ ደጃፍህን አይረግጥም።

ከስምህ ሥር ካለችው መስመር ጀምር። 220 ፊደል ትይዛለች፤ አንዷንም እንዳታስተርፍ። «ቁም ሳጥንና ካቢኔት እንሠራለን፣ 18 ማዞሪያ» ብለህ ከጻፍክ አለቀልህ፣ ቁም ሳጥን የሚፈልግ ሰው ያገኝሃል። ይልቅ «መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ ባለ ራዕይ፣ የቦታ አጠቃቀም ሶሉሽን አርክቴክት፣ የለውጥ አቀንቃኝ፣ አነቃቂ ተናጋሪ» በል። በእንግሊዝኛ ቢሆን ደግሞ እሰየው ነው። ቤቴል አዲስ ቤት የገቡ እናት «የቦታ አጠቃቀም ሶሉሽን» ብለው እንደማይፈልጉ እኔ ዋስ ነኝ። የእኔ ማዕረግ የተጻፈ ዕለት የእህቴ ልጅ ሰጋቱራውን እየጠረገ «ጋሼ፣ አንተ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ከሆንክ ምክትሉ ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እዚያው ሾምኩት። ደሞዙ ባለበት ነው፤ መጥረጊያውንም አልቀማሁትም።

ፎቶው ከሥራ ቤትህ የተነሳ እንዳይሆን። ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ የሰፈረበት ሰው በእርግጥም እንጨት እንደሚሠራ ያስታውቅበታል። እኔ ለአጎቴ ልጅ ሰርግ ያሰፋሁትን ሱፍ ለብሼ ሰንጋ ተራ ወረድኩና የንግድ ባንክን 209 ሜትር ሕንፃ ከኋላዬ አድርጌ ተነሳሁ። ሕንፃው የካቲት 2014 ሲመረቅ የጋበዘኝ አልነበረም፤ ፎቶው ላይ ግን የቦርድ ስብሰባ አቋርጬ የወጣሁ ነው የምመስለው።

አድራሻህን ደብቅ። «ኢትዮጵያ» ይበቃል፤ ከደፈርክ «ግሎባል» በል። የታክሲ ረዳት «አስራ ስምንት! አስራ ስምንት!» እያለ የሚጮህለት ሰፈር ለዋና ሥራ አስፈጻሚ አይመጥንም። እርግጥ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ኮልፌ ነው። ያኔ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም ነበር የሚንቀሳቀሰው፤ የሚያሳድደው መንግሥት ነበረበት። አንተን የሚያሳድድህ ቀብድ የከፈለ ሰው ብቻ ነው፤ ቢሆንም መጠንቀቅ አይከፋም።

የገዛ ሥራህን ፎቶ አንስተህ እንዳትለጥፍ። ኢንተርኔት በጣሊያን ወጥ ቤት የተሞላ ነው፤ አውርድና «የቅርብ ጊዜ ሥራችን» በልበት። እኔ ጋ አንዲት ደንበኛ ስልካቸውን ዘርግተው መጡ። የለጠፍኩት ነጭ ወጥ ቤት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሳህን ሙሉ ሎሚ፣ በመስኮቱ ደግሞ ባሕር ይታያል። «ይቺን ራሷን ሥራልኝ» አሉ። ሠራሁ፤ በኤምዲኤፍ፣ ከመርካቶ በመጣ ማጠፊያ። የርክክቡ ዕለት አንዴ ስልካቸውን፣ አንዴ ካቢኔቱን ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ ባሕሩስ ይቅርብኝ፤ በሩ ለምንድነው የማይገጥመው?» አሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ወደ ዋጋ። ስለ ሌላው ሁሉ ብትሳሳት ይቅር እልሃለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ቀልድ የለም። ዋጋ አይጻፍም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል፤ አዋጁን ያወጡት ሰዎች «በውስጥ መስመር ያናግሩን» የምትባለውን ጥበብ ገና አልተማሩም ነበር ማለት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ከፎቶው ሥር «ዋጋ?» ብሎ ይጽፋል። «በውስጥ መስመር» ትለዋለህ። በውስጥ መስመር ይመጣል። «ሰላም ነው?» ትለዋለህ። «ሰላም፣ ዋጋ?» ይላል። «እንዴት ሰነበቱ?» ትለዋለህ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዋጋ?» ይላል። እዚህ ላይ ሁለት ቀን ጥፋ። ስትመለስ «ይደውሉልን» በለው፤ ሲደውል አታንሳ። በስንት መከራ ካገኘህ «እንደ ሥራው ይለያያል፣ ብቅ ይበሉና እንነጋገር» በለው። የት ብቅ ይበል? አድራሻህ ግሎባል ነው።

አንዳንድ የዋህ ባለሙያዎች «ካቢኔት በሜትር ከዚህ ብር እስከዚህ ብር፣ ማጠፊያና ቀለም ጨምሮ» ብለው ይጽፋሉ። ውጤቱን አይቻለሁ፤ አቅሙ የፈቀደ ሰው ብቻ ይደውልላቸዋል፣ በሁለት ደቂቃ ተነጋግረው ይጨርሳሉ፣ ሰውየውም ማታውኑ ቀብዱን በቴሌብር ይልካል። ጨዋታ የለ፣ መተዋወቅ የለ።

አንድ ጊዜ እኔም ሳላስበው ስህተት ሠርቼ ትክክለኛ ሰው አገኘኝ። የአንድ ድርጅት የግዥ ሠራተኛ ነች። «12 የጽሕፈት ጠረጴዛና 4 ሼልፍ እንፈልጋለን፤ የታደሰ ንግድ ፈቃድና ቲን አያይዘው እስከ ሐሙስ ፕሮፎርማ ይላኩልን» ብላ ጻፈችልኝ። እነዚህ ሰዎች ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስበው ያወዳድራሉ፤ ከሦስቱ አንዱ መሆን ማለት ግማሹን መንገድ መሄድ ነው። እኔ ግን ያን ሳምንት «ፈጣን ምላሽ የንግድ ነፍስ ነው» የሚል ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ስለነበር መልእክቷን ያየሁት በዘጠነኛው ቀን ነው። ጽሑፉ 64 ሰው ወዶልኛል።

ግንኙነት አብዛ። ሊንክድኢን ከ500 በኋላ «500+» ብሎ መቁጠሩን ስለሚተው 3,000 ብታደርስም ገጽህን የሚያይ ሰው ልዩነቱን አያውቅልህም፤ አንተ ግን አታቁም። የእኔዎቹን አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አየኋቸው፤ የአመራር አሠልጣኝ፣ የዲጂታል ገንዘብ ነጋዴ፣ መሥራች፣ ተባባሪ መሥራች፣ የመሥራቾች አማካሪ። ሁላችንም ሻጮች ነን። እርስ በርስ «እንኳን ደስ ያለህ» ስንባባል ይመሻል። ልብሱን ወለል ላይ ከምሮ ቁም ሳጥን የሚናፍቅ አንድ ሰው እንኳ መሐላችን የለም።

አዲስ ሰው ግብዣህን ተቀብሎ አርባ ሰከንድ ሳይሞላ የዕቃ ዝርዝርህን ላክለት። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ገብተህ፣ ገና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ሳትል፣ ለተቀመጠው ሁሉ ቢዝነስ ካርድ ስታድል አስበው። ያ ነው። በድንኳኑ ታፍራለህ፤ እዚህ ግን ማንም ፊትህን አያይም።

ስለ ጽሑፍ ደግሞ ልንገርህ። በአንድ መስመር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስፍር፤ እንደ ቅኔ ይምሰል። ርዕሰ ጉዳይ አይቸግርህም፤ ጥፋትህን ሁሉ ትምህርት አድርገው። አንድ ሰኞ የእህቴ ልጅ የሰው ቁም ሳጥን በር ሦስት ሳንቲ አሳጥሮ ቆረጠው። እኔ ሌላ ጣውላ ልገዛ ከመሄድ ይልቅ ቁጭ ብዬ «ሦስት ሳንቲ ሜትር ስለ አመራር ያስተማረችኝ ሰባት ነገር» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌ የማላውቀውን ያህል ተነበበልኝ። «ድንቅ ዕይታ!» «አንተ እኮ ትለያለህ!» እያለ አስተያየቱ ሲጎርፍ መሐል ላይ አንዲት መስመር ብቅ አለች፦

«ወንድሜ፣ በሩ የኔ ነው። ለፋሲካ ብለኸኝ ነበር፤ አሁን ሰኔ ነው።»

እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥምህ አትመልስለት፤ አጥፋው። እኔ ሳጠፋ ግን አሥራ አንድ ሰው ወዶለት ነበር። ከአሥራ አንዱ አንዷ ያቺ የግዥ ሠራተኛ ናት።

ሙያህን የሚመሰክርልህ አይጥፋ፤ ዝምድና ለመቼ ነው? የአጎቴ ልጅ በ«ስትራቴጂያዊ ዕቅድ» መስክሮልኛል፤ እኔም በ«ዓለም አቀፍ ሎጂስቲክስ» መስክሬለታለሁ፤ ሥራው ባጃጅ ነው። ቤቱን አይተህ ካቢኔት የገጠምክለትን ሰው ግን «ሁለት መስመር ጻፍልኝ» ብለህ እንዳታስቸግረው። የጻፈልህ እንደሆነ «በሰዓቱ አስረከበኝ» ሊል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም በሰዓቱ ይጠብቅሃል።

የተማሩ ሰዎች የሚሉትን አትስማ። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ሰው የሥራ ወሬ የሚሰማው ከቅርብ ወዳጁ ይልቅ አልፎ አልፎ ከሚያገኘው ሰው እንደሆነ አሳየ። በ2022 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናትም 20 ሚሊዮን የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን አይቶ ሥራ ለመቀየር የበለጠ የሚረዳው መጠነኛ ትውውቅ ነው አለ። ጥናቶቹ ስለ ተቀጣሪ ቢሆኑም ነገሩን ወደ እኛ ሰፈር ካመጣኸው አደገኛ ነው። ማን አዲስ ቤት እንደሚገባ አስቀድሞ የሚያውቀው ቧንቧ የሚዘረጋው ልጅ ነው፤ ሴራሚክ የሚያነጥፈው ነው፤ በወር አንድ እሑድ እድር ላይ የምታገኛቸው ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ሰውዬ ናቸው። እነሱን «ሥራ ብትሰሙ ንገሩኝ» ካልካቸው በሳምንቱ ሥራ ይዘው ከች ይላሉ። ሰላምታህን ቆጥብ። ግብዣ ከላኩልህም አትቀበል፤ ስማቸው ሥር «ቧንቧ ሠራተኛ» ብቻ ነው የሚለው፣ ገጽህን ያበላሹብሃል።

ከሱቄ ፊት ለፊት አንድ በያጅ አለ። ገጽ የለውም። ትርፍራፊ ላሜራ ላይ በቀይ ቀለም «በርና መስኮት እንሠራለን» ብሎ፣ ከሥሩ ስልኩን ጽፎ ሰቅሏል፤ «መስኮት» የሚለው ቦታ ጠቦት «ት»ዋ ሥር ወርዳለች። ጠዋት ጠዋት ደጁ ላይ ሰው ተሰልፎ ሳይ አዝንለታለሁ፤ ለማሰቢያ የሚሆን ጊዜ እንኳ የለው። ባለፈው ቅዳሜ የመበየጃ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ መንገዱን ተሻግሮ መጣና በሬ ላይ ቆመ።

«ያቺን ያንተን ነገር ለእኔም ክፈትልኝ እስቲ» አለኝ። «ስንት ታስከፍለኛለህ?»

«በውስጥ መስመር አናግረኝ።»

ግራና ቀኙን አየ። ከዚያ አንድ እግሩን አንስቶ ደፉን ተሻገረና ሰጋቱራው ላይ ቆመ።

«ይኸው ውስጥ ገባሁ» አለ። «ስንት ነው?»