«በሞቴ!» ላሉኝ ሁሉ

«በሞቴ ብዪ!» አለችኝ እቴቴ። ጉርሻው ከአፌ ደርሷል፤ ሌላው እጇ ወጡ እንዳይንጠባጠብ ከሥሩ ተዘርግቷል።

«እቴቴዬ፣ አንቺ በሞትሽ ከለመንሽኝ እኔ በዕድሜሽ ልለምንሽ፤ ይለፈኝ።»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል እኮ! ሁለተኛውም አለልሽ።»

«ያጣላልማ! የሚያጣላኝ ግን ከሆዴ ጋር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አያስታርቀንም።»

ገበታው ሳቀ። እቴቴ ግን አልሳቀችም። ጉርሻውን አጠገቤ ለተቀመጠው ልጇ አጎረሰችና፣ እጇን ታጥባ መጥታ ጆሮዬ ሥር «ምን ነክቶሽ ነው ልጄ?» አለችኝ። ለእሷ ሁሉንም ነገርኳት።

ይህ የሆነው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በፋሲካ ዕለት ነው። ምግብ እንደማይስማማኝ የሰሙ ሌሎቹ ዘመዶቼም አንድ አንድ ነገር ወርወር አድርገውብኛል፤ የዚያን ቀን ለሁሉም መልስ ለመስጠት ጊዜ አልነበረኝም። ዛሬ አለኝ።

«ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» ላልከኝ የአጎቴ ልጅ፦ ወተት አለመስማማቱን ማለትህ ከሆነ ነገሩን ገልብጠኸዋል። ወተት በብርጭቆ ጨልጦ ምንም የማይሆነውማ ፈረንጁ ነው! ከዓለም አዋቂዎች ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ጡት ከጣሉ በኋላ ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚሰብረው ኢንዛይም እያነሰባቸው ይሄዳል። ዕድሜ ልክ ሳይቀንስ የሚዘልቀው በተለይ በሰሜን አውሮፓ ሰዎችና በአንዳንድ አርብቶ አደር ሕዝቦች ዘንድ ነው። እኔ ከብዙኃኑ ወገን ነኝ።

«ድሮ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ላሉኝ ጋሼ ደግሞ፦ ድሮም ነበረ ጋሼ፤ ራስዎ «እሱ ነገር አይስማማኝም» ሲሉ አድገን የለ? አያቴ ባቄላ አይስማማትም ነበር፤ ጎረቤታችን እንቁላል አይስማማትም ነበር። ማንም በሞቴ ብሎ አላስገደዳቸውም፤ «አይስማማትም» ተባለ፣ አለቀ። ቃሉን እናንተው አስተማራችሁን፤ እኔ ስናገረው ለምን ቅንጦት ሆነ?

ሕመማቸው ስም ሳያገኝ የሞቱም አሉ ጋሼ። የስንዴ፣ የገብስና ራይ የተባለው እህል ፕሮቲን፣ ግሉተን የሚባለው፣ የሴሊያክ ሕሙማንን አንጀት በገዛ ሰውነታቸው መከላከያ ያስጠቃል። ይህ ሳይታወቅ ስንት ልጅ ከስቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ አልፏል። ዊለም ዲከ የተባለ የሄግ የሕፃናት ሐኪም ስንዴውን ቀድሞም ይጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ባለው የረሃብ ክረምት ኔዘርላንድስ ውስጥ ዳቦ ጠፋ፤ አገሩ ሲራብ እነዚያ ሕፃናት ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ሐኪሙ ነገሩን በ1950 በጥናት አስደግፎ አቀረበ። እንግዲህ ልጆቹ ያኔም ነበሩ፤ የጠፋው የሚያውቃቸው ሰው ነው።

«ጨጓራሽ ነው፣ በርበሬውን ተዪው» ያልሽኝ እህት፣ አንቺን ሰምቼሽ ነበር። እሱ ነው ያከሰረኝ። በርበሬውን ተውኩ። የጨጓራ ቁስልን በአብዛኛው የሚያመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ወይም የሕመም ማስታገሻ ክኒን አዘውትሮ መዋጥ እንጂ በርበሬ እንዳልሆነ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ከበርበሬው በኋላ ቡናውን ተውኩ። ከዚያ ወተቱን፣ ቅቤውን፣ አይቡን፣ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ በመጨረሻ እንጀራውን። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ገበታዬ ሩዝና የተቀቀለ ድንች ሆነ። ልብሴ ሰፋኝ፤ ፀጉሬ ረገፈ። ሰርግ ሲጠሩኝ «ሥራ አለብኝ» አልኩ፤ ልቅሶ ቤት ደርሼ እህል ሳይቀርብ ወጣሁ፤ ከማኅበሬ ቀረሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አንድ ቀን ያመመኝ ምግብ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የነበረው ሁሉ እባብ መሰለኝ።

ሕመሙ ፈጠራ አልነበረም፤ ይህን ማንም አይንገረኝ። ግን ፍርሃቱ ራሱ ሕመሙን ይቀልብ ነበር። በጨጓራና በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሴሎች አሉ፤ ከአንጎል ጋር ቀን ከሌሊት ይነጋገራሉ። አንጎል «መጣብሽ!» ሲል አንጀት ይኮማተራል፤ ሌላ ጊዜ የማይሰማው ትንሽ ነፋስ እንደ ቢላ ይወጋል። ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ሆዴን አላመነውም የሚል ሕዝብ ይህን ከሐኪሞቹ ቀድሞ ያውቀዋል። እኔ ሳህኑ ሳይቀርብ በፊት ይቆርጠኝ ነበር።

«ታዲያ ምን አዳነሽ?» ላላችሁኝ፦ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ አንድ ደብተርና ትዕግሥት። ባለሙያዋ የከለከልኩትን ዝርዝር አንብባ «ከእነዚህ ስንቱ ለየብቻው ተፈትኖ ጥፋተኛ ሆነ?» አለችኝ። አንድም የለም። ሁሉንም ያሰርኳቸው አብረው ስለተገኙ ነው።

እስቲ የእኛን ነገር አስቡት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም። ሆዴ በጾሙ ረገብ ይላል። ፋሲካ ሲመጣ ዶሮው፣ ቅቤው፣ አይቡ፣ እንቁላሉ በአንድ ሌሊት ይገባሉ፤ በማግስቱ አልጋ ላይ ነኝ። «ቅቤው ነው!» አልኩ። ቅቤው አልነበረም። ንጥር ቅቤ ውስጥ ላክቶስ የለም ማለት ይቻላል። አይቡም ቢሆን አብዛኛው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ወጥቶለታል። እርጎውን ባክቴሪያዎቹ ቀድመው ከላክቶሱ ቀንሰውለታል። ከዶሮ ወጡ ሥር ተቀምጦ ያላየሁት ሽንኩርቱ ነበር፤ ኪሎ የሚቆጠር ሽንኩርት ለአንድ ድስት!

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ፍሩክታን የሚባል ነገር አለ፤ ስንዴም ውስጥ አለ። ፍሩክታንን የማንም ሰው ትንሹ አንጀት አይሰብረውም፤ ትልቁ አንጀት ደርሶ ባክቴሪያ ያፈላዋል፣ ጋዝ ይሆናል። አንጀቱ ስሜታዊ የሆነ ሰው ያን ጋዝ እንደ ቁርጠት ይሰማዋል። ደስ የሚለው ይህ ነው፤ ፍሩክታን በውኃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ሽንኩርቱን በዘይት አብስሎ፣ ውኃ ሳይነካው አውጥቶ መጣል ይቻላል፤ ጣዕሙ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴው ክፍልም ይስማማኛል። ምስርና ክኩን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ደግሞ እናቶቻችን ድሮም ያደርጉት ነበር፤ ጋዝ የሚያመጣው ነገር በከፊል ከውኃው ጋር ይሄዳል።

ይህን፣ ምግብን ለጊዜው ትቶ አንድ በአንድ የመመለስ መንገድ ያስፋፉት የሜልቦርኑ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን እርከን ብቻ ነው፤ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት መተው። ዋናው ግን ሁለተኛው ነው፤ መመለስ። አንድ ምግብ፣ ትንሽ መጠን፣ በማግስቱ ጨመር፣ በሦስተኛው ቀን ጨመር፣ ደብተር ላይ መጻፍ። ሰው መተዉን ተምሮ መመለሱን ካልተማረ እንደ እኔ ሩዝና ድንች ላይ ይቀራል።

«ወተት ካልተስማማሽ ማኪያቶሽን ተሰናበችው» ላለኝ የካፌ ጓደኛዬ፦ አልሰናበትም! አንድ ሙሉ ብርጭቆ ወተት ውስጥ 12 ግራም ገደማ ላክቶስ አለ፤ ኢንዛይሙ ያነሰባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ያን ያህሉን በአንዴ ያለ ብዙ ችግር ይችሉታል፤ ከምግብ ጋር ሲሆን ደግሞ ይቀላል። ማኪያቶዬ ከብርጭቆ ያንሳል። ልኬን አውቄዋለሁ።

«ስንዴ ትቼ ተሻለኝ፣ ሴሊያክ ሳይኖርብኝ አይቀርም» ያልሽኝ ወዳጄ፣ እንኳን ተሻለሽ፤ ግን ሳትመረመሪ ለምን ተውሽው? የሴሊያክ የደም ምርመራ የሚሠራው ሰውየው ስንዴ እየበላ ሳለ ነው። ቀድመሽ ከተውሽ ምርመራው «የለብሽም» ሊልሽ ይችላል። ሴሊያክ ካለብሽ ፍርፋሪም አይፈቀድልሽም፣ ዕድሜ ልክሽን ነው፤ ከሌለብሽ ደግሞ በከንቱ ታስረሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኦስሎ ጥናት ሴሊያክ የሌለባቸውን፣ ግሉተን ግን ያመናል የሚሉ 59 ሰዎች ፈትኖ፣ ይበልጥ ያሳመማቸው ግሉተኑ ሳይሆን ፍሩክታኑ ሆኖ አገኘው። ያ ማለት የስንዴ ዳቦውን ጠልተሽ የሽንኩርቱን ቁሌት ታቅፈሽ ይሆናል።

«በአንድ ጠብታ ደም ሁለት መቶ ምግብ እንመረምርልሻለን» ያለኝ ነጋዴም ነበር። ያ አይጂጂ የሚባለው ምርመራ በአብዛኛው የሚያሳየው ሰውነት የትኛውን ምግብ እንደለመደ ነው። የበላሁትንማ ሳትወጋኝ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር! የአውሮፓ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ለዚህ ጉዳይ እንዳይሠራበት በግልጽ ጽፏል። ሰውን ከእንቁላሉም ከምስሩም አፋትቶ ገንዘቡን መውሰድ በደል ነው።

የእህቴ ልጅ ሴሊያክ አለባት፤ ተመርምራ የታወቀ። ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም፤ ለእሷ እንጀራ በረከት ነው። እንጀራ ልገዛላት ሄጄ ባለ ሱቋን «ጤፍ ነው?» ብላት «አዎ፣ ጤፍ አለበት» አለችኝ። «ያለበትንማ አየሁ፤ ሌላ ምን አለበት?» አልኳት። ገብስና የስንዴ ዱቄት ነበረበት። አልዋሸችም፤ እኔ ባልጠይቅ ግን ልጅቷ ታማ ነበር። ንጹሕ ጤፍ የሚጋግሩ አሉ፤ እርሾውንና ምጣዱንም ጭምር ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ቀልጠፍ ማለት ስለማይገባው ነገር ቀስ ብዬ ልናገር። ከላይ ያልኩት «ትንሽ እየቀመሱ መመለስ» ለአለርጂ አይሠራም። ምግብ በልቶ ወዲያው ከንፈሩ ወይም ምላሱ ያበጠ፣ ሰውነቱ ሽፍ ያለ፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ራሱን የሳተ ሰው ቤቱ ውስጥ መቅመስ የለበትም፤ ሞት አለበት። የዚያ መድኃኒት ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ የማሳከክ ክኒን አያድነውም። «የጾም ነው፣ ምንም አይልሽም» የምትሉ አስተናጋጆች፣ ሰሊጥ የጾም ነው፤ ሰሊጥ ግን ይገድላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ሰሊጥን በማሸጊያ ላይ በግልጽ መጻፍ ካለባቸው ዘጠኝ ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች አንዱ አድርጋዋለች። ፍትፍቱ ውስጥ ካለ ተናገሩ።

እዚህም ቢሆን ፍርሃት ብቻውን ጥሩ ሐኪም አልሆነም። ለዓመታት ለሕፃናት ኦቾሎኒ አታቅምሱ ሲባል ኖረ። ከዚያ እስራኤል ውስጥ ባምባ የሚባለውን የኦቾሎኒ መክሰስ በድዳቸው እያላመጡ ያደጉ የአይሁድ ልጆች፣ እንግሊዝ አገር ካሉት የአይሁድ ልጆች በአሥር እጥፍ ያነሰ የኦቾሎኒ አለርጂ እንዳለባቸው ታየ። እስራኤል ያሉ ቤተሰቦቻችን ባምባን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በለንደን 640 ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት ውጤት ወጣ፤ ቀድመው የቀመሱት ልጆች አለርጂ ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ፍሬውን እንዳለ አይደለም፣ ያንቃል፤ የላመውን ነው። ኃይለኛ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበት ሕፃን ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

እናንተ ጋባዦች፣ ከፍትፍቱ ፊቱ የምትሉ ደጎች፣ ፊታችሁን አይተናል፤ በዋዜማው ደውላችሁ «የማይስማማሽ አለ?» በሉን፤ ያቺ ጥያቄ ከጉርሻ ትበልጥብናለች። እናንተ እንደ እኔ ገበታ የሸሻችሁ ደግሞ፣ የከለከላችሁትን ሁሉ በወረቀት ጻፉና የሥነ ምግብ ባለሙያ ዘንድ ይዛችሁ ሂዱ። ብቻችሁን አትቀንሱ።

ባለፈው ቅዳሜ እቴቴ ደወለች። «ሽንኩርቱን በዘይት አብስዬ አውጥቼ ጥዬዋለሁ፤ ቅቤው ያው ንጥሩ ነው፤ ነይ» አለችኝ። ሄድኩ። ሦስት ጉርሻ ተቀበልኳት፤ ሌሊቱንም እስኪነጋ ተኛሁ።