ዕቅድ ማመስኳት

የምኖረው ላምበረት ነው። ስሙን ለያይታችሁ ብታነቡት «ላም በረት» ይሆናል። አላፊ አግዳሚው ይህን ልብ አይለውም፤ ክረምቱን ቤት ለዋለ ሰው ግን ስሙ በደንብ ይገባዋል። መምህር ነኝ፤ ሰኔ ላይ ፈተና አርሜ እንደጨረስኩ ዝናቡ በሩን ይዘጋብኛል። ከዚያ ወዲያ ጋቢዬን ደርቤ፣ ከከሰሉ ምድጃ ሥር ተቀምጬ በቆሎ እየጠበስኩ መብላት ነው። በልቼ ስጠግብ ደግሞ አመሰኳለሁ። ላም ሣር ታመሰኳለች፤ እኔ ዕቅድ።

ደብተር አለኝ። ከላይ «መስከረም ሲጠባ» የሚል ተጽፎበታል። አንደኛ፣ ጠዋት ጠዋት የካ ተራራን መውጣት። ሁለተኛ፣ የግቢውን ጥግ ቆፍሮ ጎመን መትከል። ሦስተኛ፣ አንኮበርን ማየት። ዕቅዶቹ አዲስ አይደሉም፤ አምና የዋጥኳቸው ናቸው። ሐምሌ ሲገባ ወደ አፌ ይመለሳሉ፣ ደህና አድርጌ አላምጣቸዋለሁ፣ መስከረም ላይ መልሼ እውጣቸዋለሁ። ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ብድር የሚመልሰውም፣ ሽማግሌ የሚልከውም፣ ሲጋራ የሚያቆመውም ሁሉ መልሱ «መስከረም ይጥባ» ነው። አንድ ወር ይህን ሁሉ ሸክም እንዴት እንደሚችለው እንጃ!

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ የአንኮበሩ ነው። አጤ ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው እንጦጦ የደረሱት መኪና ባልነበረበት ዘመን ነው። እኔ የላምበረት መናኸሪያ ከአልጋዬ ጥሪ በሚሰማበት ርቀት ላይ ሆኖልኝ አልተነቃነቅኩም። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፤ ከዚያ አንኮበር 40 ያህል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የረዳቱ ድምፅ ዝናቡን ሰንጥቆ ይመጣል፦ «ደብረ ብርሃን! አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» ያ የቀረው አንድ ሰው እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ። ነጠላቸው እንዳይርስ ፌስታል ራሳቸው ላይ ያሰሩ እናቶች ሲሳፈሩ፣ እኔ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ እስባለሁ።

አከራዬ እማማ ግን ዕቅድ የላቸውም፤ ያላቸው ጎመን ነው። ሰኔ ላይ በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ተከሉት፣ ፍልሰታ ሲገባ ቀነጠሱት።

«እማማ፣ እኔም ጸደይ ሲገባ እተክላለሁ» አልኳቸው።

«ዝናቡ ካባራ በኋላ ልትተክል? ምን ልታጠጣው ነው ልጄ፣ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ?» አሉና ቆም ብለው፣ «ለመሆኑ ጸደይ መቼ ነው?» አሉኝ።

«መስከረም ነዋ!»

ከት ብለው ሳቁ። እጄን ይዘው ግድግዳቸው ላይ ወደተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ወሰዱኝ። ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25። ምናልባት ፈረንጆቹ አበባ ሲያዩ ጸደይ ስለሚሉ፣ እኛም አደይ አበባን አይተን ስሙን ተውሰንላት ይሆናል። አደይ ከፈካች በኋላ የሚገባው፣ መስከረም 26፣ መፀው ነው፤ ገበሬው ጥቢ የሚለው።

«የምትጠብቀው ጸደይማ» አሉ እማማ፣ «አንተ ፈተና ስታርም በደጅህ አልፏል።»

ዓመቱን ሙሉ ተማሪ ስጥል ኖሬ በአራት ወቅት ፈተና ወደቅኩ። ኀፍረቴን ይዤ ልወጣ ስል ግን ዓይኔ አንድ መስመር ላይ አረፈ፦ ክረምት፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25። ደግሜ አነበብኩት። እንቁጣጣሽም፣ መስቀልም ከነደመራው ክረምት ውስጥ ናቸው! እንግዲያው «መስከረም ሲጠባ» ብዬ ያልፈጸምኩት ሁሉ ስንፍና ሳይሆን የወቅት ጉዳይ ነበር ማለት ነው። ቤቴ ገብቼ የደብተሩን ርዕስ ሰርዤ «መስከረም 26» ብዬ ጻፍኩ። 25 ቀን ያለ ወለድ አተረፍኩ።

ማታ እማማ በሣህን ጎመን ላኩልኝ። ጥርግ አድርጌ በላሁና ከሁለተኛው ዕቅድ አጠገብ «በከፊል ተፈጽሟል» የሚል ጨመርኩበት።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ረዳቱ እንደ ልማዱ «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ተጣራ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ኀፍረት፣ ቀኑን ነገርኩት።