ሮቶው የት ደረሰ?

የእኛ አገር ሳሎን ግድግዳ ትርፍ ቦታ የለውም። አንደኛው ጎን የምርቃት ፎቶ ነው፦ ጥቁር ጋውን፣ ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ ቆብ፣ ከኋላ ፎቶ ቤቱ ያዋሰው የመጻሕፍት መደርደሪያ። ቀጥሎ ሠርጉ አለ። ከሠርጉ ከፍ ብላ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ትመለከተናለች። በሩ አጠገብ የባንክ ካላንደር ተንጠልጥሏል፤ ዓመቱ ቢያልፍም ሥዕሉ ካማረ የሚያወርደው የለም። እያንዳንዱ ስንዝር ባለቤት ባለው ግድግዳ ላይ «መብራቱን፣ ውሃውንና የግቢውን በር ከአንድ ቦታ የሚያዝ ስክሪን ልሰቅል ነው» ብሎ መነሳት የይዞታ ክርክር መክፈት ነው።

ገና የትኛውን እንደምሰቅል ሳልወስን ባለቤቴ ጠየቀች።

«የማን ፎቶ ሊወርድ ነው?»

የአጎቴን ልጅ ምርቃት ሰረቅ አድርጌ ዓይቼ ዝም አልኩ። እሷም አየችኝና ዝም አለች።

ቤትን ለማሽን የማስረከብ አምሮት የዛሬ ልጆች ያመጡት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ጂም ሰዘርላንድ የተባለ አሜሪካዊ የዌስቲንግሃውስ መሐንዲስ፣ ኤኮ 4 የሚባል ኮምፒውተር ለገዛ ቤቱ ሠርቶ ነበር። ክብደቱ 360 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን የቤቱን ሙቀት ይቆጣጠራል፣ የአስቤዛ ዝርዝር ያወጣል። ከ3 ዓመት በኋላ ደግሞ ሃኒዌል የሠራውን «የወጥ ቤት ኮምፒውተር» ኒማን ማርከስ የተባለው የባለጸጎች መደብር በካታሎጉ ላይ በ10,600 ዶላር አወጣው። የምግብ አሠራር እንዲያስታውስ የታሰበ ነው። መልስ የሚሰጠው ግን በሚበሩና በሚጠፉ ትናንሽ አምፖሎች ስለሆነ፣ ለቤት እመቤቷ የ2 ሳምንት ኮርስ አብሮ ይሸጥ ነበር። አንድም ሰው ስለመግዛቱ ማስረጃ አልተገኘም። ይህን ለእናቴ ስነግራት ሽንኩርቷን መክተፍ ሳታቆም፣ «ሽሮ ለመሥራት 2 ሳምንት ልማር?» አለች። የሃኒዌል ገበያ አጥኚዎች እሷን ጠይቀው ቢሆን ብዙ ገንዘብ ይተርፋቸው ነበር።

የትኛውን ስክሪን ልስቀል በሚለው ላይ ምክር ያልሰጠኝ ዘመድ የለም። የሁሉንም ድምፅ የሸፈነው ግን ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ነው። የእሱ ቤት ግድግዳ ጂብሰም ነው፤ በቢላ ይቆርጠዋል፣ ኬብሉን በውስጥ ያሳልፋል፣ ስክሪኑን ገጥሞ ሲጨርስ ቡናው ገና አልቀዘቀዘም። «ምን ያስቸግራል? ቆረጥ ታደርገውና ታሳልፈዋለህ» ይለኛል በቪዲዮ። የእኛ ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ በላዩ ልስን፣ በልስኑ ላይ ቀለም። ኬብል ልቅበር ካልክ ግራይንደር ይገባል። ግራይንደር ከገባ አቧራው ቡፌ ውስጥ ተቆልፎ ለበዓል ብቻ የሚወጣው ብርጭቆ ድረስ ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቅ ያገባ ሰው ነው።

መጀመሪያ ያማረኝ ትንሿ ስክሪን ነበረች። ሶኖፍና ሼሊ ከሚያወጧቸው መካከል 4 ኢንች ገደማ የሆኑ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ተነቅሎ በቦታው የሚገቡ ስክሪኖች አሉ። ያምራሉ፣ ቦታ አይፈጁም፣ የማንንም ፎቶ አያስወርዱም። ኤሌክትሪሺያኑ መጣ፤ የማብሪያውን ክዳን ፈታና በሞባይሉ መብራት ወደ ውስጥ አጮለቀ።

«ጋሼ፣ እዚህ ኒውትራል አልመጣም።»

«ታዲያ መብራቱ እንዴት ይበራል?»

«ኒውትራሉ በኮርኒሱ ነዋ ወደ አምፖሉ የሄደው። እዚህ የወረደው ፌዝና የእሱ መመለሻ ብቻ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ ራሱ ኤሌክትሪክ አይበላም፤ ፌዙን ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ በቃ። ስክሪን ግን ሌት ተቀን በሊታ ስለሆነ ፌዝም ኒውትራልም ይፈልጋል። ብዙ ቤት ሲሠራ ይህ አልታሰበም፤ ማንስ ማብሪያ ማጥፊያ አንድ ቀን ሆድ ያወጣል ብሎ ያስባል? አዲስ ሽቦ ይውረድ ከተባለ ደግሞ ወደ ግራይንደሩ ተመለስን።

ሌላም መንገድ አለ፦ አንድ የኔትወርክ ኬብል ኤሌክትሪኩንም ዳታውንም ተሸክሞ እስከ 100 ሜትር የሚሄድበት። ከሁሉም ንጹሕ ሥራ እሱ ነው። ዋጋውም ያንኑ ያህል ንጹሕ አድርጎ ኪስ ይጠርጋል። ቤት እየሠራ ያለ ሰው ካለ ልስን ሳይገባ ባዶ ኮንዲዩት ያስቀብር፤ በኋላ ይመርቀኛል።

የተረፈው ታብሌት ነው። ወንድሜ በሰው ሻንጣ ከላካቸው ነገሮች አንዱ 8 ኢንች ታብሌት ነበር። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፣ ስለዚህ የእኛን 220 አይፈራም፤ ጥርሱ ግን ጠፍጣፋ የአሜሪካ ጥርስ ስለሆነ አዳፕተር ፈለገ። 10 ኢንች ይሻላል የሚሉ አሉ። አይሻልም። 10 ኢንች ሲሆን ልጆች ካርቱን ይከፍቱበታል፤ 8 ኢንች መሣሪያ ሆኖ ይቀራል።

ታብሌት ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ማወቅ ያለበት የባትሪውን ጠባይ ነው። ሊቲየም ባትሪ ዓመት ሙሉ 100 ከመቶ ላይ ተሰክቶ ሲሞቅ ሊያብጥ ይችላል። አንድ ወዳጄ ቤት የተሰቀለው ታብሌት ጀርባው አብጦ ስክሪኑን ከፍሬሙ ገፍቶ አስወጥቶት ዓይቻለሁ፤ እሳት የሚያስነሳ ነገር ነው፣ ቀልድ አይደለም። መፍትሔው ቻርጀሩን በሚታዘዝ ሶኬት ላይ መሰካት ነው። ፉሊ ኪዮስክ የሚባለው መተግበሪያ የባትሪውን መጠን ለቤቱ ሶፍትዌር ያሳውቃል፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ 80 ሲደርስ ሶኬቱን ያጠፋል፣ 30 ሲወርድ ያበራል። ሶፍትዌሩ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ሆም አሲስታንት ነው፤ ነፃ ነው፣ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ እዚያው ቤት ውስጥ ስለሚሠራ ኢንተርኔት ሲቋረጥም መብራቱ ይታዘዛል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የማይሠራ መብራት ለጠላቴም አልመኝም።

ድሪሉ ሲመጣ ክርክሩ ወደ ከፍታ ዞረ። እኔ በዓይኔ ልክ አልኩ። ባለቤቴ በዓይኗ ልክ አለች፤ እናቴ ደግሞ በሁለታችንም ልክ አለመሆኑን አሳወቀች። ኤሌክትሪሺያኑ ውሃ ልኩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፍርድ ይጠብቃል። በመጨረሻ ፊሸሮቹ የገቡት ከወለሉ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ አጭሩ ሰው ሳይንጠራራ፣ ረጅሙ ሰው በትንሹ ሰገድ ብሎ ያየዋል። ከምድጃ እንዲርቅ፣ ከመስኮት ፊት ለፊትም እንዳይሆን ብቻ ተጠንቅቄያለሁ። ከመስኮት ፊት ለፊት የተሰቀለ ስክሪን ቀኑን ሙሉ የሚያሳየው መስኮቱን ነው።

ስክሪኑ ከተሰቀለ በኋላ የመጀመሪያው ፈተና የእናቴ ክርን ነበር። የንክኪ ስክሪን ሐሳብን እ.ኤ.አ. በ1965 ለንባብ ያበቃው እንግሊዝ ማልቨርን በነበረው የራዳር ምርምር ተቋም ይሠራ በነበረው ኢ. ኤ. ጆንሰን ነው፤ ለአውሮፕላን ተቆጣጣሪዎች ታስቦ። የአውሮፕላን ተቆጣጣሪ ሊጥ አያቦካም። የዛሬው ስክሪን የሚያውቀው የጣትን ግፊት ሳይሆን ሰውነታችን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ ተራ ጓንት አያውቅም፣ እርጥብ እጅ ሲያርፍበትም ይደናገራል። እናቴ እጇ እስከ አንጓዋ የጤፍ ሊጥ ሆኖ መሸባት። ስክሪኑ ጋ መጣች፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች፣ ዞር ብላ በክርኗ ጫን አደረገችው። ክርንም ቆዳ ነውና ስክሪኑ ተቀበለ፤ ግን ክርን ሁለት ቁልፍ በአንዴ ስለሚሸፍን የወጥ ቤቱ መብራት በራ፣ የግቢው በርም ተከፈተ። ጥበቃው ማን መጣ ብሎ ወጣ። ድሮ ሸማ በክንድ ይለካ ነበር፤ እኔ ከዚያ ወዲህ የስክሪን ቁልፍ በክርን እለካለሁ። አንድ ገጽ ላይ ከ6 ቁልፍ በላይ የለም፤ የግቢው በር ደግሞ ለብቻው፣ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሆኗል።

ሰዓቱም የራሱን ጣጣ አመጣ። እናቴ የበረንዳው መብራት በ12 ሰዓት ይብራ ብላ አዘዘች፤ ልጄም 12፡00 ብሎ አስገባላት። በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ በረንዳው ቦግ አለ። «ይኸ ነገር ቀንና ሌሊት አይለይም እንዴ?» አለች። ይለያል፤ እሱ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፣ እኛ ከንጋት። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሰዓት 6 ቀንሶ እንዲያሳይ ማድረግ ቀላል ነው። ለበረንዳው ግን ሰዓቱን ጨርሼ ሰርዤ «ጀንበር ስትጠልቅ» አልኩት፤ ሶፍትዌሩ ከቤቱ አቀማመጥ ተነስቶ የየዕለቱን ያሰላል። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ልዩነት አንድ ሰዓት ስለማይሞላ ብዙም አይደክምም። ያልተፈታው ጳጉሜን ነው። ልጄ የተወለደው ጳጉሜን ውስጥ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የልደቱን ወር ፈልጎ ሲያጣ፣ 13 ወር የማያውቅ ማሽን ስማርት አይባልም ብሎ ፈረደ። ይግባኝ የለውም።

የታብሌቱ የፊት ካሜራ ሰው ሲያልፍ አይቶ ስክሪኑን ያበራል፤ ሰው ከሌለ ይጨልማል። ለባትሪውም ለስክሪኑም ጥሩ ነው። የእናቴ የእድር ጓደኛ ግን ባለፈች ቁጥር ቦግ ሲል አየችና፣ «እኔን ሲያይ ፊቱ ይበራል፤ የናንተ ልጆች እንኳ እንዲህ አይቀበሉኝም» አለች። ሌላ እንግዳ ደግሞ በዚያ በኩል ሲያልፍ ጃኬቱን ያስተካክላል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሆነውን ሳልናገር ባልፍ ጎረቤቶቼ ይታዘቡኛል። ብዙዎቹ የሚታዘዙ አምፖሎች ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ በሙሉ ብርሃን እንዲበሩ ሆነው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት፤ ካልለወጥከው ያንኑ ያደርጋሉ። አንድ ሌሊት መብራት ሄደ፣ ተኛን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት መጣ። ሳሎን፣ ኮሪደር፣ መኝታ ቤት፣ በረንዳ፣ ሁሉም በአንዴ ቦግ! እናቴ «በስመ አብ» ብላ ነጠላዋን ፈለገች፣ ውሻው አበደ፣ ጎረቤት ለቅሶ ነው ብሎ በር ከፈተ። ለጎረቤቱ «ኧረ ሰላም ነው፣ ቅንብሩ ነው» ብሎ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ኃይል ሲመለስ ምን ይሁን የሚለው ምርጫ በአብዛኞቹ አምፖሎች መተግበሪያ ውስጥ አለ። «እንደነበረ» የሚለውን ምረጡ። ዋይፋይ ማሰራጫውንም ትንሽ ዩፒኤስ ላይ አድርጉት።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቤታችን ስክሪኑን የወደደው በመብራቱ አይደለም፤ በውሃው ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ በሰፈራችን ከ«ደህና አደራችሁ» ቀጥሎ የሚጠየቀው «ሮቶው የት ደረሰ?» ነው። ድሮ የምትመልሰው ሠራተኛችን ነበረች። መሰላሉን ሁለት ደረጃ ወጥታ ሮቶውን በእንጨት ከላይ ወደ ታች ቆ፣ ቆ፣ ቆ እያደረገች ትሰማና፣ ድምፁ የተለወጠበት ላይ እጇን አሳርፋ «እዚህ ነው» ትላለች። እኔ ክዳኑ ሥር አልትራሳውንድ ሴንሰር አሰርኩ፤ ድምፅ ወደ ውሃው ይልካል፣ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ወደ ርቀት ይተረጉማል። አመሉ አንድ ነው፦ ውሃው ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ከቀረበው ይስታል፤ ስለዚህ ከሙላቱ መስመር ከፍ ብሎ መታሰር አለበት። ስክሪኑ «62 ከመቶ» አለ። እሷ በእንጨቷ ቀጥቅጣ እጇን አሳረፈች። በሜትር ስለካው የእሷም የእሱም አንድ ቦታ ነው። እሷ ግን አሁንም በሳምንት አንዴ ወጥታ ትቀጠቅጣለች፤ ማሽኑን ለመቆጣጠር።

እንግዲህ ልትሰቅሉ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የቤታችሁ ሰው በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚጠይቀውን ነገር ለዩና እሱን የመጀመሪያው ገጽ ላይ አድርጉት፤ የክፍሎቹን ቀለም መቀያየሪያ የሚከፍተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ነባሩን ማብሪያ ማጥፊያ አታስነቅሉ፤ ታብሌቱ የደከመው ቀን የሚያበራላችሁ እሱ ነው። በማብሪያው ቦታ የሚገባ ስክሪን ካማራችሁ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አንዱን ማብሪያ አስከፍቱና ኒውትራል መውረድ አለመውረዱን እዩ። ለዚያ የሚጠይቃችሁ ገንዘብ ከስክሪኑ ዋጋ አንጻር ከቁጥር አይገባም።