ከፍተሻ በር ለመመለስ የሚያበቃ ዝግጅት

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አዳራሽ በሚካሄድ ጉባኤ ላይ እንዲገኙ የጥሪ ደብዳቤ ደርሶዎታል እንበል። ገብቶ መቀመጥማ ማንም ይችላል። ከጥበቃው ጋር ተኳርፎ፣ ከኋላ የተሰለፈውን ሰው ሁሉ አስመርሮ፣ ፀሐይ ሲመታዎት ቆይቶ፣ በመጨረሻ በሻይ ዕረፍት ላይ ብቅ ማለት ግን ልምድ ይጠይቃል። ልምዱ ከሌለዎት የሚከተለውን አንድ ሳያጓድሉ ይፈጽሙ።

1. መታወቂያ አይያዙ

የግድ ከሆነብዎ ጊዜው ያለፈበትን የቀበሌ መታወቂያ ይያዙ። ፋይዳ ካለዎት ወረቀቱን ቤት ትተው 12 አኃዝ ያለውን ቁጥር በቃልዎ ይውጡት፤ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ይሳሳቱ። ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይ አስቀምጠውት ከሆነ ደግሞ ማታ ስልኩን ቻርጅ አያድርጉ።

ጥበቃው “አባቴ፣ መታወቂያዎን ቢያሳዩኝ?” ይልዎታል።

“እኔን አታውቀኝም?”

“በቴሌቪዥን አይቼዎታለሁ አባቴ። መታወቂያዎን ነው ያላየሁት።”

ይኼኔ ድምፅዎን ከፍ አድርገው “አለቃህን ጥራልኝ!” ይበሉ። አለቃው ይመጣል። እሱም መታወቂያ ይጠይቃል።

መታወቂያ ይዞ መጥቶም መቸገር ይቻላል። በብዙ መሥሪያ ቤቶች መታወቂያዎን በር ላይ አስይዘው የእንግዳ ባጅ ይወስዳሉ። ስብሰባው ሲያልቅ ባጁን አንገትዎ ላይ እንዳንጠለጠሉ በሌላኛው በር ይውጡ። በማግስቱ ባንክ ቤት መታወቂያ ሲጠየቁ የት እንዳለ ትዝ ይልዎታል።

2. ልክ በሰዓቱ ይድረሱ

ጉባኤው 2:30 ይጀምራል ከተባለ 2:30 ላይ በሩ ጋ ይገኙ። ሌላውም ተሰብሳቢ ሁሉ ያን ጊዜ እዚያው ነው፤ ማሽኑ ግን አንድ ነው። ሰልፉ ገና ፈቀቅ ማለት ሲጀምር የክብር እንግዳው መኪና ይደርስና ሁሉም ባለበት እንዲቆም ይታዘዛል። የእንግሊዝኛው የጥሪ ካርድ ደርሶዎት ከሆነ የበለጠ ዕድለኛ ነዎት፤ 8:30 የሚለውን እንዳለ ወስደው ከምሳ በኋላ ይምጡ።

ቀኑ የካቲት ላይ ውሎ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ከገጠመው ደግሞ የቦሌን መንገድ ይምረጡ። ፖሊስ የትኞቹ መንገዶች እንደሚዘጉ አስቀድሞ ያሳውቃል። አይስሙት።

3. ቤትዎን በቦርሳ ይዘው ይምጡ

ላፕቶፕ፣ ሁለት ቻርጀር፣ ጃንጥላ፣ ሽቶ፣ ላይተር፣ ጥፍር መቁረጫ፣ ብርቱካን መላጫ ቢላዋ፣ ግማሽ ድረስ የተጠጣ ውኃ። ፈታሿ ውኃውን አንስታ “እስቲ ይቅመሱት” ስትልዎት ይቆጡ። ሽቶውን “እጅዎ ላይ ነፋ ያድርጉት” ስትል ደግሞ ዋጋውን ይንገሯት። ቢላዋው ሲወጣ “ይቺ ምን ታደርጋለች?” ብለው ለሰልፈኛው ያሳዩ። ሰልፈኛው ምን እንደምታደርግ ያውቃል፤ እሱን ለሩብ ሰዓት አቁማዋለች።

ዋናው ግን ላፕቶፑ ነው። ሲገቡ መለያ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ያስመዘግባሉ፤ ሲወጡ ያንኑ ቁጥር አስተያይተው ያሳልፉዎታል። ቁጥሩ ያለው ከሆዱ ሥር፣ ጉንዳን የጻፈው በሚመስል ፊደል ነው። ላፕቶፑን ገልብጠው፣ መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው፣ “ይኼ ስምንት ነው ወይስ ቢ?” እያሉ ከመዝጋቢው ጋር ይመካከሩ። ወይም ሰልፉ ስላስጠላዎ ሳያስመዘግቡ ሾልከው ይግቡ። ማታ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው የራስዎ ላፕቶፕ የራስዎ መሆኑን ያስረዳሉ። ማስረጃ ሲጠየቁ ስክሪኑ ላይ ያለውን የልጅዎን ፎቶ ያሳዩ። ጥበቃው “እግዜር ያሳድግልዎ” ብሎ አለቃውን ይጠራል።

ከብረት መፈተሻው በር በፊት ኪስዎን ባዶ ማድረግም የእርስዎ ሥራ አይደለም። በሩ ይጩህ። ሳንቲም ያውጡ፤ እንደገና ይጩህ። ቁልፍ ያውጡ፤ ይጩህ። በመጨረሻ ቀበቶው ይቀራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያለው ሰው አርፍዶ ስብሰባ የሄደ ሳይሆን አይቀርም።

4. ይቀልዱ

“ቦርሳው ውስጥ ምን አለ?” ሲባሉ “ቦምብ!” ብለው ይሳቁ። ፈታሹ አይስቅም። ቀልድ ስለማያውቅ እንዳይመስልዎ፤ እርስዎ የረሱትን ስለማይረሳ ነው። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ ገብተው፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መሀል ከተማ ሲጓዙ መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተባቸው። ያተረፋቸው ጥይት የማይበሳው መኪናቸው ነው። ጉባኤውን ሳይካፈሉ ከመንገድ ወደ አውሮፕላናቸው ተመልሰው አገራቸው ገቡ። ጉባኤ ማለት ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት እንደሚገኝ አስቀድሞ የተነገረበት ጉዳይ ነው፤ መርሐ ግብሩን ለደግም ለክፉም የሚያነበው አለ። ይህን ማሰብ ግን ቀልዱን ስለሚያበላሽ አያስቡት።

5. ለአዘጋጆች

እስካሁን የተነገረው ሁሉ የአንድ ሰው ጥረት ነው። ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ በር ላይ ማስቀረት የሚችለው አዘጋጁ ብቻ ነው።

የተጋባዦቹን ስም ኤክሴል ላይ ሲጽፉ ማዕረጉን ከስሙ ጋር በአንድ ሳጥን ይክተቱት። ከዚያ በፊደል ተራ ይደርድሩት። ዶክተሮች በሙሉ “ዶ” ሥር፣ ኢንጂነሮች “ኢ” ሥር ይሰበሰባሉ፤ አቶዎች ሁለት ገጽ ይሞላሉ። ዝርዝሩን ያዘጋጀው የውጭ አገር ድርጅት ከሆነ በመጨረሻው ስም ይደረድረዋልና እንግዳው ሁሉ በአያቱ ስም ይፈለጋል። የዚህኛው ዝርዝር ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ የሚፈልገው ጥበቃ ደግሞ ስሙን በአማርኛ ሰምቶ ይፈልግ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ቆመው ይመልከቱ። ጥበቃው እስክሪብቶውን ከመጀመሪያው ስም ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ይወርዳል። ገጹን ይገልጣል። ይወርዳል።

“ማን ነበር ያሉኝ?”

“ኃይሉ።”

“በየትኛው ሃ?”

“በየትኛውም ሃ! ጥሪው እኮ እጄ ላይ ነው!”

“ጥሪውማ ይታየኛል ጋሼ። ዝርዝሩ ላይ የሉም።”

ጋሽ ኃይሉ በእርግጥ ዝርዝሩ ላይ አሉ። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ “ፕ” ሥር፣ ከፕሮፌሰሮቹ ጋር።

ዝርዝሩን የሚልኩበት መንገድም አለው። ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ በቴሌግራም፣ የዓመት ፈቃድ ላይ ላለ የፕሮቶኮል ሠራተኛ ይላኩት። በሩ ላይ ላለው ሰው በፍጹም አይስጡ። ለጥበቃ ክፍል የሚጻፈው ደብዳቤ ማኅተም ይጉደለው። ጠዋት በሩ ላይ ግርግር ሲፈጠር ስልክዎን ድምፅ አልባ አድርገው አዳራሽ ውስጥ የአበባውን አቀማመጥ ያስተካክሉ። ከተጋባዦቹ ግማሾቹ ሴቶች መሆናቸውን እያወቁም አንዲት ሴት ፈታሽ ብቻ ትመደብ። የጉባኤው ርዕስ የሴቶች ተሳትፎ ከሆነ የመክፈቻ ንግግሩን ሴቶቹ በድምፅ ማጉያ ከውጭ ይሰሙታል።

6. ለፈታሾች

እርስዎም ድርሻዎን ይወጡ። ሱፍ የለበሰውንና የውጭ ዜጋውን በሰላምታ ያሳልፉ፤ ጂንስ የለበሰውን ተማሪ ሁለት ጊዜ ይፈትሹ። ስልክ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውን የመጀመሪያው በር በአንድ ዓይነት፣ ሁለተኛው በር በሌላ ዓይነት ይመልስ። የብረት መፈተሻው በር ሲጮህ ቀና አይበሉ። ሰው ያልፋል፣ በሩ ይጮኻል፤ ሌላው ያልፋል፣ በሩ ይጮኻል፤ እርስዎ ከጓደኛዎ ጋር ስለ ትናንቱ ኳስ ያወራሉ። እንዲህ ያለ በር ሰልፍ ያስረዝማል እንጂ ማንንም አይጠብቅም። ትልቅ ሰው የማይፈተሽበት በር ላይ ደግሞ ክፉ ያሰበ ሰው የሚያስፈልገው አንድ ሙሉ ልብስ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ መፈጸም ከከበደዎት የሚቀርዎት ተራው መንገድ ነው። ጊዜው ያላለፈ መታወቂያ ይያዙ፤ ቦርሳዎን ያቅልሉ፤ ላፕቶፕዎን ሲገቡ ያስመዝግቡ፤ ከመክፈቻው አንድ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። አዘጋጅ ከሆኑ ማዕረጉን ከስሙ ይለዩና ዝርዝሩን በዋዜማው በሩ ላይ ለሚቆመው ሰው እጅ በእጅ ይስጡት። ያ ሰው ጉባኤውን አልጠራም፤ ርዕሱንም አልመረጠም። እርስዎን የሚያውቅዎት እጁ ላይ ባለው ወረቀት ነውና እባክዎ ወረቀቱን አስተካክለው ይስጡት።