በዚህ ዕድሜ?

ሐኪም ለአንድ የደም ካንሰር የያዘው አዛውንት «ስቴም ሴል ንቅለ ተከላ» ያለ ዕለት፣ የሲያትል ሐበሻ ቡና አፍልቶ ዕድሜ ቆጠራ ይጀምራል።

«በሰባ ዓመቱ ንቅለ ተከላ? ምን ሊጠቅመው!»

አንተ መጀመሪያ ስልሳህን እመን! ፀጉርህን ቀለም እየቀባህ የሰው ዓመት አትቁጠር።

እርግጥ ሐሜቱ ሥር አለው። ዶናል ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1990 ኖቤል የተሸለመበት ይህ ሕክምና ድሮ ለአዛውንት አይታሰብም ነበር። መቅኔውን ጠራርጎ የሚያጠፋው ኬሞና ጨረር ካንሰሩን ሳይጨርስ ሰውየውን ይጨርሰው ነበራ! በ1990ዎቹ መጨረሻ እዚሁ ሲያትል፣ ፍሬድ ሃችንሰን ካንሰር ማዕከል፣ የሬይነር ስቶርብ ቡድን መጠኑን ቀነሰና የቀረውን ካንሰር የማደኑን ሥራ ለለጋሹ ሴሎች አስረከበ። በ2011 የወጣ ጥናታቸው በዚህ መንገድ የታከሙ ከ60 እስከ 75 ዓመት ያሉ 372 ሰዎችን ተከታትሏል። አምስት ዓመት የመኖር ዕድላቸው 35 ከመቶ ነበር። ከሰባ ያለፉትም ከስልሳዎቹ የጎላ ልዩነት አላሳዩም፤ ክፉኛ የጎዳው ልብና ሳንባን የመሰለ ተደራቢ ሕመም ነው።

«35 ከመቶ? በጣም ትንሽ ነው!»

ዲቪ ስትሞላ ስንት ከመቶ ነበር? በየዓመቱ አዲስ ፎቶ ተነስተህ አይደል የሞላኸው!

«ለጋሽ ከጠፋ እኔ ታላቅ ወንድሙ አለሁ።»

ጋሼ፣ ተባረኩ፤ ግን እርስዎ ራስዎ ደረጃ የሚወጡት ተደግፈው ነው። ሐኪሞቹ የወጣት ሴል ይመርጣሉ። ይልቅ ያ ልጅዎ የት አለ?

«እሱማ መርፌ ይፈራል።»

ክንዱ ላይ አንበሳ ከነጎፈሩ ያስነቀሰ ልጅ? አብዛኛው ልገሳ እኮ ዛሬ ከክንድ ደም ሥር ነው፤ ጥቂት ቀን መርፌ፣ ከዚያ ማሽን አጠገብ ጥቂት ሰዓት ስልክ መጎርጎር። እሱን ደግሞ ተክኖበታል! በአሜሪካ የለጋሾች መዝገብ ለነጭ ሕመምተኛ ሙሉ ተዛማጅ የመገኘት ዕድሉ 79 ከመቶ ግድም ሲሆን፣ ለጥቁር 29 ነው። መርፌ ፈሪዎች ሆይ፣ ይመቻችሁ!

«ቀዶ ጥገናው እንዴት አለፈ?»

የምን ቀዶ ጥገና? ከረጢት ተሰቀለ፣ ተንጠባጠበ፣ አለቀ። አጥንት ተሰንጥቆ መቅኔ ሲፈስ ማየት የፈለገ ሥጋ ቤት ይሂድ።

«ለደም ጥሩ ነው ብዬ ክትፎ ይዤለት መጣሁ። ለብ ለብ ነው።»

ነጭ የደም ሴሉ ዜሮ ገብቶ ሐኪሙ ያልታጠበ ሰላጣ እንኳ ከልክሎታል፤ አንቺ ለብ ለብ ትይኛለሽ! ወይ በደንብ ይብሰል፣ ወይ እኔ ልብላው።

ለጋሽ የሆነችው በመጨረሻ ሴት ልጁ ናት፤ ግማሽ ብቻ የሚዛመድ ቤተሰብም ዛሬ ይለግሳል። አዲሱ መቅኔ ከሠራ ብለድ ግሩፑ የእሷ ይሆናል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ክሮሞዞም ቢታይም የሴት ነው። ይህ በተሰማ ሰዓት ቡናው እንደገና ተፈላ።

«ታዲያ አሁን አባት ማን ሊባል ነው?»

የሆስፒታሉን ፓርኪንግ የሚከፍለው!

«የሕፃን ክትባት እንደ አዲስ ሊከተብ ነው አሉ። እውነት ነው?»

እውነት ነው። ሰውነቱ የድሮውን ክትባት ሊረሳው ስለሚችል ፖሊዮውም ቴታነሱም ይደገማል። ክርስትና አባት እየፈለግንለት ነው፤ ቦርሳህን ይዘህ ና።